የትርሲት ወይራ ጥላ

የአገሩን ስም አልነግራችሁም። ብነግራችሁም መንገዱን አታገኙትም፤ ብታገኙትም ከዳር እስከ ዳር አረፍ የሚባልበት ጥላ ስለሌለ በእግር አይዘለቅም። ድሮ እንዲህ አልነበረም። ከሩቅ የሚመጣ መንገደኛ ከተማችንን የሚለያት በደኗ ነበር። ቤተ ክርስቲያናችን ደኑ መሀል ተደብቃ ጉልላቷ ብቻ ብቅ ብሎ ይታይ ነበር። ዛሬ ሁሉም ነገር ይታያል። በዚህ የሚማረር ሰው አልሰማሁም፤ እኔም አልማረርም፤ የሆነውን ብቻ ነው የምናገረው።

የእኛ ሰው ሙታኑን የሚቀብርበት ወግ ከሌላው ይለያል። ድንጋይ አያቆምም፣ ስም አይጽፍም። አስከሬኑ አፈር ከለበሰ በኋላ ከራስጌው ችግኝ ይተከላል፤ ከዚያች ቀን ጀምሮ ዛፉ በሟቹ ስም ይጠራል። ቅዳሴ ሲወጣ ሰው ሁሉ ወደየዘመዱ ጎራ ብሎ፣ ግንዱን ዳበስ ዳበስ አድርጎ፣ እንዴት ሰነበትክ ብሎ ነው ወደ ቤቱ የሚሄደው። ሠርግ ያለበት ዛፉን ሄዶ ይጠራል። የተጣሉ ወንድማማቾች አባታቸው ሥር ተቀምጠው ይታረቃሉ። ሲያወሩት ሞኝነት ይመስላል፤ ግን ደህና ነበርን።

የአመለወርቅ ዛፍ ወይራ ነበር። ስሙም ትርሲት።

ትርሲት የአመለወርቅ አንድያ ልጅ ነበረች። አንድ ቀን አመሻሽ ላይ እናቷ ለቅሶ ደርሳ እስክትመለስ ኩራዝ አብርታ ስታነብ እንቅልፍ ሸለብ አደረጋት፤ ኩራዙ ተገለበጠ፤ ላምባው ቀሚሷ ላይ ፈሰሰ። ከዚህ በላይ አልናገርም። በከተማችን እንዲህ የሚሞት ልጅ በየዓመቱ አይጠፋም ነበርና ሰው አለቀሰ፣ ችግኝ ተከለ፣ ወደ ቤቱ ገብቶም ኩራዙን ለኮሰ።

አመለወርቅ ግን አልለኮሰችም። ከዚያ ወዲህ በቤቷ እሳት ያለበት መብራት አልታየም። ጀምበር ስታዘቀዝቅ በሯን ዘግታ፣ እራቷን በዳበሳ በልታ፣ በዳበሳ ትተኛለች። ቀን ቀን ስፌት ሰፍታ ትሸጣለች። እሑድ ቤተ ክርስቲያን ስትሄድ ደግሞ የድምፅ ማጉያው ጀነሬተር ገና ሲነሳ ከጭሱ ሸሽታ ወይራው ሥር ትቆማለች። ያ ጀነሬተር ጭሱን በመስኮት እያስገባ ሥዕሎቹን ሁሉ ስላጠቆራቸው፣ የትኛው ሚካኤል የትኛው ገብርኤል እንደሆነ ለይቶ የሚናገር ዲያቆን ጠፍቶ ነበር። ምእመኑ ሁለቱንም እኩል ይሳለማል።

በአንድ የገበያ ቀን የፀሐይ ነጋዴ መጣ። እሱ ራሱን እንዲህ ብሎ ነው የጠራው። ሶላሩን መሬት ላይ ዘረጋና ከሽቦው ጫፍ አምፖል አበራ። እሳት የለው፣ ጭስ የለው፣ ላምባ የለው። ሰው አጨበጨበና ወደ ሽንኩርቱ ተመለሰ። አመለወርቅ ግን ተጠግታ እጇን አምፖሉ ላይ አሳረፈች።

“ቢገለበጥ ምን ይሆናል?” አለችው።

“ምኑ?”

“መብራቱ።”

“ምን ይሆናል፣ እናቴ? ተገልብጦ ያበራል።”

አመለወርቅ እዚያው ገበያ መሀል፣ ሰው እያያት፣ አለቀሰች። ነጋዴው የዋጋው ነገር ያስለቀሳት መስሎት ቶሎ ብሎ፣ “ለአንድ ቤት ውድ ነው። ቤተ ክርስቲያኑና ምእመኑ በሙሉ በጋራ ከገዛችሁ ግን ግማሹን እተውላችኋለሁ። ታዲያ በሙሉ ስል በሙሉ ነው። አንድ ቤት ከቀረ የለሁበትም” አላት።

እሷም ነገሩን ይዛ ወደ ሰንበቴው ሄደች። እሑድ ከቅዳሴ በኋላ አብረን የምንበላበት፣ የከተማው ጉዳይ ሁሉ የሚመከርበት ማኅበራችን ነው። አለቃ ኅሩይ፣ የደብሩ አስተዳዳሪ፣ ሰምተው ደስ አላቸው፤ ከደስታቸው ብዛት ቡራኬውን ሁለቴ ሰጡ። ከዚያ በኋላ ሁሉም ወደ አመለወርቅ ዞረው ተመለከቱ። በከተማችን ነገር ያመጣ ሰው ነገሩን በገዛ እጁ ይጀምራል። ጉድጓድ ይቆፈር ያለ የመጀመሪያውን ዶማ ያነሳል፤ አጥር ይታጠር ያለ የመጀመሪያውን እንጨት ይተክላል። ይህ ወግ የወጣው ሐሳብ የሚያበዛ ሰው እንዲቀንስ ተብሎ ነው፤ ቀንሷልም።

እናም አመለወርቅ ስፌቷን ትታ በየቤቱ እየዞረች ደጅ ጠናች። ላልገባው አስረዳች፣ የተጠራጠረውን ለመነች፣ የሳቀባትን ቻለች። በመጨረሻ የቀሩት ጋሽ ወንድይፍራው ብቻ ሆኑ። ጋሽ ወንድይፍራው በገበያ የሚዛን ዳኛ ሆነው ያረጁ፣ ሰው ሁሉ እሺ ያለውን ነገር የማይወዱ ሽማግሌ ናቸው። የሟች ሚስታቸው የእትዬ ዘርትሁን ዝግባ ከትርሲት ወይራ ጎን ስለሆነ ሁለቱ በደንብ ይተዋወቃሉ። እሑድ እሑድ ጎን ለጎን ቆመው ነው የሚያለቅሱት።

“አልገባም” አሉ ገና በሩ ላይ እንዳዩዋት።

“ጋሼ፣ ገና ምንም አላልኩም እኮ።”

“ልትዪ ነዋ! አገር በሙሉ እሺ ሲል አንድ ሰው እንኳ እምቢ ማለት አለበት። እኔ እሆናለሁ።”

“እርስዎ እምቢ ካሉ ለሁሉም ይቀራል።”

“ይቅራ! እኔ እንደሆንኩ በኩራዝ ነው ያረጀሁት።”

“እርስዎስ አርጅተዋል” አለች አመለወርቅ። “ትርሲት አላረጀችም።”

ጋሽ ወንድይፍራው ደጃፉ ላይ ቁጭ አሉ። ከዘራቸውን ጎናቸው አስቀምጠውም፣ “የኔዋ ዘርትሁን ልጅሽን ጎኗ ይዛልሻለች አይደል?” አሏት።

“ይዛልኛለች ጋሼ።”

“እንግዲያው ስለ እነሱ ስል ገባሁ። ግን አንድ ነገር ልንገርሽ። ኮሚቴ ያለውን አልሰማም፣ አለቃም ያሉትን አልሰማም። አንቺ ያልሽውን እላለሁ፣ አንቺ የተውሽውን እተዋለሁ። ቃሌ ካንቺ ጋር ነው።”

አመለወርቅ ጉልበታቸውን ስማ ሄደች። ያን ቀን በመንገድ ስታልፍ አይቻታለሁ፤ እንደ ልጃገረድ ነበር የምትራመደው።

ሶላሮቹ በከባድ መኪና ተጭነው መጡ። ነጋዴው መሰላሉን አውርዶ፣ “በሉ እንግዲህ፣ ከማን ጣሪያ ልጀምር?” ሲል ሰንበቴው በሙሉ ሳቀ።

በእኛ ዘንድ በጋራ የተገዛ ዕቃ ቤተ ክርስቲያኑ ግቢ ነው የሚቀመጠው። ድስቱም፣ ድንኳኑም፣ ቃሬዛውም እዚያ ነው። ዕቃው ከግቢው የሚወጣው ለለቅሶ ወይም ለድግስ ነው፤ ሲያልቅ ታጥቦ ይመለሳል። አንድ ጊዜ አንድ ሰው የሰንበቴውን ድስት ቤቱ አሳድሮት፣ በማግሥቱ ድስቱ ሽሮ ሸተተ ተብሎ የልጅ ልጆቹ እስከ ዛሬ ድረስ ከሰው ጋር አይጋቡም።

“የማኅበር ዕቃ በግለሰብ ጣሪያ ላይ ይደር ነው የሚሉት?” አሉት አለቃ ኅሩይ።

“አባቴ፣ ይሄ ድስት አይደለም፤ ሶላር ነው።”

“የጋራ ነው ወይስ አይደለም?”

“የጋራ ነው።”

“እንግዲያው ድስት ነው” አሉ አለቃ።

ነጋዴው የቤተ ክርስቲያኑን ጣሪያ አመለከተ። ከመስቀሉ በቀር እዚያ የሚወጣ ነገር የለም ተባለ። ከግቢው ውጪ ያለውን ሜዳ አመለከተ። የቤተ ክርስቲያን ግዝት በማይጠብቀው ቦታ የተቀመጠ ዕቃ ይሰረቃል ተባለ። የቀረው ግቢው ነው፤ ግቢው ደግሞ ደን ነው። ነጋዴው ቀና ብሎ ቅርንጫፎቹን አየና አንድ ነገር ሊናገር አፉን ከፈተ። ከዚያ ገንዘቡን መቀበሉ ትዝ አለው መሰለኝ፣ መልሶ ዘጋው።

ሶላሮቹ ሰንበቴ በምንበላባት ጠባብ ሜዳ ላይ በረድፍ ተተከሉ፤ የፊተኛው ረድፍ ጫፍ ከትርሲት ወይራ አጠገብ ሆነ። ሽቦው በደኑ መሀል እየተሽሎከለከ ወደየቤቱ ተዘረጋ። የሚበራበት ቀን ሰው አዲስ ልብሱን ለብሶ ጠበቀ። አምፖሎቹ ቀላ አሉ፣ ተርገበገቡ፣ ጠፉ።

“ጥላ አለባችሁ” አለ ነጋዴው።

“ጥላማ አለን!” አለ ሰው ሁሉ ደስ ብሎት። የተመሰገነ መስሎት ነበር።

ነገሩ ሲገባን የጥላ ሹሙ ተጠራ። የጥላ ሹም በከተማችን የቆየ ሹመት ነው፤ ሥራው በገበያ ቀን ማን ከየትኛው ዛፍ ሥር እንደሚቀመጥ መደልደል ነበር። ባለሥልጣን ከዝግባ ሥር፣ ነጋዴ ከዋንዛ ሥር፣ ድሃ ከቀጋ ሥር። ሹሙ ቢተው ይባላል፤ አድልዎ የማያውቅ፣ ገመዱን ከትከሻው የማያወርድ ሰው ነው። በገመዱ ከማለዳ እስከ ማታ ለካና ቆቡን አውልቆ፣ “ከጥፋቱ ነፃ የሆነ ዛፍ አላገኘሁም” ሲል አመለከተ።

ስብሰባው የተደረገው እዚያው ዛፎቹ ሥር ነው፤ ፀሐይ ስለነበረ። አለቃ ኅሩይ ተነስተው፣ ሙታን በብርሃን አገር ስላሉ ጥላ እንደማያስፈልጋቸው፣ እኛም ወደ ብርሃን ስንሄድ እነሱ ደስ እንደሚላቸው በሰፊው አስተማሩ። ንግግራቸው መልካም ነበር። ሲጨርሱ ግን ቀና ብለው የአባታቸውን ዝግባ አዩና ላባቸውን ጠረጉ። የተቃወመ የለም፤ የደገፈም የለም። ሁሉም የሚያየው አመለወርቅን ነበር፤ ነገሩን ያመጣችው እሷ ናትና።

ጋሽ ወንድይፍራው በከዘራቸው ተደግፈው ተነሱ።

“ቃሌ ካንቺ ጋር ነው ብዬሻለሁ” አሏት። “አንቺ ተዉት ካልሽ እኔ እወጣለሁ። አንድ ቤት ከወጣ ውሉ ይፈርሳል፣ ሰውዬው ዕቃውን ጭኖ ይሄዳል፣ ደኑም ይተርፋል። የተረገመ ሰው ከፈለጉ እኔን ይርገሙኝ። ብቻ ተዉት በይ። በይ እንጂ አመለወርቅ! ተናገሪ!”

አመለወርቅ ልትናገር ተነሳች። ተዉት ልትል እንደነበር አውቃለሁ፤ ኋላ ራሷ ነግራኛለች። ቃሉ አፏ ላይ ደርሶ ነበር። ከፊቷ ግን አንዲት እናት ሕፃን ልጇን ታቅፋ ተቀምጣለች፤ ልጅቱ እንቅልፍ ወስዷት አንድ እጇ ከነጠላው ወጥቷል። እጇ ላይ የላምባ ጠባሳ አለ፤ ገና ያልዳነ፣ ቀይ። አመለወርቅ ያንን እጅ አየችው። ዞር ብላ ደግሞ ወይራዋን አየችው። አንዷ ሞታለች፣ አንዷ አልሞተችም።

“ይቆረጥ” አለች።

“ምን?” አሉ ጋሽ ወንድይፍራው፤ ሰምተዋል ግን።

“ይቆረጥ ጋሼ። ሌላ ልጅ አይቃጠል ብዬ ነው የተነሳሁት። ትርሲትን ብጠይቃት እምቢ አትለኝም ነበር።”

ወጉ ወግ ነውና የመጀመሪያው ምሳር ለእሷ ተሰጣት። ሰው ሁሉ ከኋላዋ ቆሞ ይጠብቃል። ወይራ ምሳር የሚመልስ እንጨት ነው። ስትመታው እጇ ነዘረ፤ ደግማ መታችው፤ ልጡ ተላጠና ነጩ ታየ። “አይዞሽ የኔ እናት፣ አይዞሽ፣ አሁን ያልቃል” ትለው ነበር እየመታች። ትርሲት የተቃጠለች ቀን በሆስፒታል ያለቻትም ይህንኑ ነበር። ጉልበቷ ሲያልቅ ቢተው ቀስ ብሎ ምሳሩን ከእጇ ወሰደና ጨረሰላት።

ከዚያ በኋላ ሁሉም የየራሱን ቆረጠ። ሌላ ሰው ዘመዱን እንዲነካበት የፈቀደ አልነበረም። ጋሽ ወንድይፍራው በዚያ ዕድሜያቸው፣ ላግዝዎ ያላቸውን ሁሉ በከዘራ እያባረሩ፣ እያረፉ፣ እያለቀሱ ዘርትሁንን ጣሏት። አመለወርቅን ዳግመኛ ቀና ብለው አላዩዋትም። ደኑ ሲወድቅ ከተማዋ በሙሉ ተንቀጠቀጠች፤ ወፎቹ የሚያርፉበት አጥተው ጣሪያችን ላይ ተርመሰመሱ። እንጨቱን የፀሐይ ነጋዴው ገዛው። ሶላሩን ያመጣው መኪና ባዶውን ከሚመለስ ብሎ እስከ አፉ ጭኖ ወጣ። ከሰል እንደሚያደርገው ኋላ ሰማን።

መብራቱም በራ። አልዋሽም፣ በራ! ከዳር እስከ ዳር ነጭ ሆነች ከተማችን። ሰው እርስ በርስ ተያየ፤ አሮጊቶች መርፌ ውስጥ ክር ከተቱ። ጀነሬተሩ ተሸኘ። በግቢው በር ላይ “ጭስ የማያውቀው ደብር” የሚል ሰሌዳ ተሰቀለ፤ ከሌሎች አጥቢያዎች ሊማሩ የሚመጡ እንግዶች በፀሐይ ቆመው እየነደዱ አነበቡት።

አመለወርቅም በቤቷ ማብሪያውን ተጫነችው። በጨለማ ስትኖር ብዙ ጊዜዋ ነው። መብራቱ ቦግ ሲል መጀመሪያ ያየችው ግድግዳውን ነበር። ከመደቡ በላይ ጥቁር ምልክት አለ፤ ከታች ሰፊ፣ ወደ ላይ እየጠበበ የሄደ። ያን ምሽት እሳቱ የላሰው ነው። ከዚያ ወዲህ ቀን ወደ ቤት ገብታ ያንን ጥግ አይታው አታውቅም፤ ሆን ብላ ስፌቱን ከምራበት ነበር፤ ማታ ደግሞ ጨለማ ነው። ያን ቀን ስፌቱ ተሸጦ አልቋል። አመለወርቅ ብርሃኑ ውስጥ ቆማ ግድግዳውን ስታይ ቆየችና ማብሪያውን መልሳ ተጫነችው። ለመብራቱ የተቋቋመው ኮሚቴ ስለ እሷ ቤት፣ “መብራት ገብቷል” ብሎ ሪፖርት አደረገ።

ይሁን እንጂ በዚያ ዓመት አንድም ልጅ አልተቃጠለም። ይህን ሳልናገር ባልፍ በደል ነው። በሚቀጥለውም ዓመት አልተቃጠለም። አመለወርቅ ባዶው ግቢ ስትገባ ያንን እያሰበች ነበር የምትችለው።

ከዚያ ነፋሱ መጣ። ነፋስ ድሮም ነበረ፤ ደኑ ላይ ሲደርስ ግን እያጉረመረመ ይቀር ነበር። አሁን የሚያቆመው የለም። የመቃብሩን አፈር እያነሳ ሶላሮቹ ላይ ያለብሳል። ሰው ይጠርጋል፣ በማግሥቱ ይለብሳል። በውሃ ይታጠብ ተባለ። ከደኑ ሥር ይፈልቅ የነበረው ምንጭ ግን መጀመሪያ ቀጠነ፣ ቀጥሎ ጭቃ ሆነ፣ ቀጥሎ ድንጋይ ሆነ። በደረቅ ጨርቅ ሲፈትጉት መስታወቱ እየተጫጫረ ታወረ። የአቧራ ኮሚቴ ተቋቋመ። የአቧራ ኮሚቴው ጉዳዩ የነፋስ ነው ብሎ የነፋስ ኮሚቴ እንዲቋቋም ጠየቀ። የነፋስ ኮሚቴው ብዙ ተወያይቶ፣ ነፋሱ ከአጥቢያችን ክልል ውጪ የሚነሳ ስለሆነ አይመለከተንም ብሎ በጸሎት ተበተነ።

ቢተው ብቻ ሥራ አልፈታም። የሚያከፋፍለው ጥላ ሲያልቅ ጥላ ጠባቂ ተደርጎ ተሾመ። ደንብም ወጣለት፤ በሶላሮቹ ላይ ጥላ የሚጥል ማናቸውም ነገር ይቆረጣል ወይም ይፈርሳል። ሲጸድቅ አንድ ቄስ፣ “እኛስ? ማዕጠንት ይዘን ስንዞር ጥላችን ያርፍበታል እኮ” ቢሉ፣ ሰው አላፊ ስለሆነ የሰው ጥላ አይመለከተውም ተብሎ ተጨመረበት። ከዚህ በኋላ ለሞተ ሰው ችግኝ መትከል ቀረ። ቁመቱ ከጉልበት የማያልፍ ተክል ተፈቅዶ ነበርና ሙታናችን ራስጌ ላይ ጤና አዳም ይተከል ጀመር።

አምፖሎቹ ቀልተው ቀልተው ጠፉ። ላምባው ተመለሰ፤ ለጊዜው ነው ተባለ። ኩራዝ ከየጓዳው ወጥቶ ተወለወለ። በዚያው ዓመት ደግሞ አንዲት ልጅ ሞተች፤ ያቺ በስብሰባው እናቷ ያቀፈቻት፣ እጇ ላይ ጠባሳ ያለባት ልጅ። ኩራዝ ነው። ከራስጌዋ ጤና አዳም ተተከለላት፤ ውሃ ስለሌለ በሳምንቱ ደረቀ።

አመለወርቅ በቀብሩ ላይ አላለቀሰችም። ሰው ሁሉ ሲበተን ግቢው ውስጥ ቀረች። ጋሽ ወንድይፍራውም ቀርተው ነበር፤ በከዘራቸው መሬቱን እየነካኩ ወዲያ ወዲህ ይላሉ። ጉቶዎቹን ሰው አንድ በአንድ ነቅሎ ለማገዶ ስለወሰዳቸው ማንም ዘመዱ የት እንዳለ አያውቅም። ዶማ ያልበገረው የትርሲት ጉቶ ብቻ ነው።

“ዘርትሁን እዚህ ነበረች ወይስ እዚያ?” አሉ ሽማግሌው፤ ለማን እንደሆነ ሳይለዩ።

“ከትርሲት በስተቀኝ ነበሩ ጋሼ” አለች አመለወርቅ። እጃቸውን ይዛ ወስዳ ቦታው ላይ አቆመቻቸው። ዛፎቹ ከተቆረጡበት ቀን ወዲህ ሲነጋገሩ ያ የመጀመሪያቸው ነው።

ጋሽ ወንድይፍራው መሬቱን ዳበሱ። ከዚያ ጉቶውን ዳበሱ፤ እጃቸውም ቆመ። “አመለወርቅ” አሉ በሹክሹክታ፣ “ነይ እስኪ፣ ይሄን እዪ።”

ከጉቶው ጎን ቀጭን ለምለም ቀንበጥ ወጥቶ ነበር። አመለወርቅ መሬት ላይ ወደቀች። የልቅሶዋን ድምፅ ሰምቶ ሰው ተመልሶ መጣ፤ ለሞተችው ልጅ የምታለቅስ መስሎት አብሯት አለቀሰ።

ቀንበጡ ከጉልበት ሲያልፍ ቢተው መጣ። የሚመጣው ማለዳ ነው፤ ጥላ የሚረዝመው ማለዳ ነውና።

“እትዬ አመለወርቅ፣ ከዚህ ጉቶ የወጣው ጥላ ሶላሩ ላይ አርፏል” አላት።

“ሶላሩ እኮ ሞቷል ቢተው። አንተስ በላምባ አይደል የምታመሸው?”

“በላምባ ነው።”

“ታዲያ ጥላው ምኑን ይጎዳል?”

“የመብራቱን ነገር የመብራት ኮሚቴው ያውቃል። እኔ የጥላ ነኝ።” ክፋት አልነበረበትም። ድምፁን ዝቅ አድርጎም፣ “እርስዎ አይቁረጡት። ያኔም በእርስዎ እጅ መጀመሩ ከብዶኝ ነበር። ነገ ምሳር ይዤ እመጣለሁ፣ እኔው እቆርጥልዎታለሁ” አላት።

በማግሥቱ ምሳሩን ይዞ ሲመጣ አመለወርቅን በጉቶውና በሶላሩ መሀል ቆማ አገኛት። ፀሐይዋ ከጀርባዋ ናት። ቢተው ምሳሩን አስቀምጦ ገመዱን ዘረጋ። ለካ፣ ዞረ፣ ደግሞ ለካ።

“ይሄ የማን ጥላ ነው?”

“የኔ ነው።”

“የወይራውስ?”

“እሱ እኔ ላይ ነው። ሶላሩ ላይ የለም፤ እየው።”

ቢተው አየ። እውነቷን ነው።

“መቼ ነው የሚሄዱት?”

“ስጨርስ።”

“ምን እየሠሩ ነው?”

“ቆሜያለሁ።”

የጥላ ሹሙ ብዙ አሰበ። ደንቡ የተሰጠው ስለ ጥላ እንጂ ስለ ዛፍ አይደለም፤ የሰው ጥላ ደግሞ አይመለከተውም፣ ሰው አላፊ ነውና። ገመዱን ጠቅልሎ ምሳሩን አንስቶ ሄደ። አመለወርቅ ፀሐይዋ ከፍ ብላ ጥላው ከመስታወቱ ላይ እስኪነሳ ድረስ አልተንቀሳቀሰችም።

ከዚያ ወዲህ ማለዳ ማለዳ ትቆማለች። በዝናብም ትቆማለች፣ በጾምም ትቆማለች፣ በበዓልም ትቆማለች። አንዳንዱ ለጸሎት የቆመች መስሎት ከጎኗ ሆኖ ይሰግዳል። ጋሽ ወንድይፍራው ከዘርትሁን ቦታ ላይ ተቀምጠው ሲጠብቋት ከርመው፣ በዚህ ክረምት እዚያው አጠገብ ተቀበሩ። የወይራው ጥላ የሚያርፈው ጀርባዋ ላይ ነው። ሲያርፍባት ቀዝቀዝ እንደሚላት አንድ ጊዜ ነግራኛለች፤ ደስ ብሏት ነው የነገረችኝ።

ቀንበጡ ወገቧ ደረሰ፤ ትከሻዋ ደረሰ። ትርሲት ብትኖር እናቷን በቁመት የምትበልጥበት ዕድሜ ላይ ነበረች።

ሰሞኑን ቢተው ገመዱን ዘርግቶ ሲለካ ቆም አለና፣ “እትዬ አመለወርቅ፣ ጥላዎ ቅጠል አውጥቷል” አላት።

“ነጠላዬ ነው” አለችው። “ነፋስ ነው።”

ነፋስ አልነበረም። ቢተው ገመዱን ጠቀለለና፣ “ነገም እመጣለሁ” ብሎ ሄደ።

ትናንት ማለዳ በዚያ በኩል ሳልፍ አየኋት። ጀርባዋን ከራሷ ላለፈው ወይራ ሰጥታ፣ ነጠላዋን ከራሷ ላይ ከፍ አድርጋ ተከናንባ፣ በእግሯ ጣቶች ቆማ ነበር።